መዝለል ያቃታት የ15 ዓመት ድመት፦ ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የእንስሳት ሐኪም ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣ የጻፉልን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። በጅማ ቆጪ አካባቢ ከእናትዎ ጋር ይኖራሉ፤ 15 ዓመት የሞላት ሴት ድመት አለችዎ። ካለፈው ክረምት ወዲህ የእናትዎ አልጋ ላይ መውጣት ትታለች፤ ስትራመድ የኋላ እግሯ በሊሾው ላይ ይከዳታል፤ ጓሮ ወጥታ መጸዳዳቷ ቀርቶ በሩ ሥር ታደርገዋለች፤ አንገቷንም እንደ ቀድሞው አታዞርም። ወንድምዎ ሥጋ ቤት ስለሚሠራ ከልጅነቷ ጀምሮ ምግቧ በአብዛኛው የበሬ ጉበት ነው። አንድ ጎረቤት የሕፃናት ፓራሲታሞል ሽሮፕ እንዲሰጧት፣ ሌላው ደግሞ በካርቶን አድርገው ከከተማ ወጣ ብለው እንዲጥሏት መክረውዎታል። እርስዎም እየተሠቃየች እንደሆነ ወይስ እርጅና ብቻ እንደሆነ፣ በቤት ውስጥም ምን ሊያደርጉላት እንደሚችሉ ጠይቀዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሽሮፑን አይስጧት። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ይህን ስል መጠኑ ሲበዛ ማለቴ አይደለም፣ ለድመት ጉዳት የለውም ተብሎ የሚሰጥ መጠን ጭራሽ የለም። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት ዋናው መንገድ በድመት ጉበት ውስጥ እጅግ ደካማ በመሆኑ መድኃኒቱ ወደ ጎጂ ንጥረ ነገር ይለወጥና ቀይ የደም ሕዋሶቿ ኦክስጅን መሸከም እንዲያቅታቸው ያደርጋል። ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ፍሬ አንዲት ድመት ለመግደል ይበቃል፤ ሦስት ኪሎ ለምትመዝን አሮጊት ድመት አንድ የሻይ ማንኪያ የልጆች ሽሮፕም አደገኛ ነው። ምናልባት ቀድመው ሰጥተዋት ከሆነ፣ ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ እስኪመስል፣ ፊቷና የፊት እግሮቿ እስኪያብጡ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ ማርከሻው አሴቲልሲስቲን የሚባል መድኃኒት ሲሆን የሚጠቅመው በቶሎ ሲሰጥ ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም በቤት ውሳኔ የሚሰጡ አይደሉም። ለሰው ወገብና ጉልበት የሚቀቡትን የሚያቃጥሉ የጡንቻ ቅባቶችም ይተዉ፤ ድመት የተቀባችውን ሁሉ ትልሳለችና ቆዳዋ ላይ የዋለው ሆዷ ይገባል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አዎን፣ ሕመም እንዳለባት እገምታለሁ። እርጅና ብቻውን ድመትን ከአልጋ አያስቀርም። በዚህ ዕድሜ እጅግ የተለመደው ችግር በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት እየተበላ መገጣጠሚያው የሚጎዳበት፣ በተለምዶ ቁርጥማት የምንለው ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ የሆነ የ100 ድመቶችን የራጅ ምስል ተመልክቶ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መጎዳት ምልክት አግኝቷል። ይህን ያህል የተስፋፋ ሆኖ ሳለ ባለቤቶች የማያስተውሉት ድመት እንደ ውሻ ስለማታነክስ ነው። በአብዛኛው ሁለቱም ዳሌዎች ወይም ሁለቱም ክርኖች አንድ ላይ ስለሚታመሙ ለይታ የምታነሣው እግር የላትም። ከመጮኽ ይልቅ የሚያማትን ነገር መሥራት ትተዋለች፤ አትዘልም፣ ጀርባዋን አትልስም፣ ጥፍሯን በእንጨት ላይ አትፍቅም፣ ሲያነሷትም ትቆጣለች። ቤተሰቡም ሰነፈች፣ አረጀች፣ ጠባይዋ ከፋ ብሎ ያልፋል።

ከጻፉት ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የአንገቷ ነገርና ጉበቱ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን አያይዘው የጻፉት አይመስለኝም፣ ሊያያዙ ግን ይችላሉ። የበሬ ጉበት የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው። ይህ ቫይታሚን ሲተርፍ ከሽንት ጋር እንደሚወጡት ቫይታሚኖች አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ለዓመታት ጉበትን ዋና ምግቧ ያደረገች ድመት በአንገቷና በላይኛው ጀርባዋ አከርካሪዎች፣ አንዳንዴም በትከሻዋና በክርኗ ዙሪያ ትርፍ አጥንት ይበቅልባትና አጥንቶቹ እርስ በርስ እስከ መጣበቅ ይደርሳሉ። እንዲህ ያለች ድመት አንገቷ ይገትራል፣ ዞራ ራሷን መላስ ያቅታታል፣ አንገቷን ሲነኳት ታማርራለች፣ የፊት እግሯም ሊያነክስ ይችላል። ይህ መሆኑ የሚረጋገጠው በራጅ ነው። የተጣበቀው አጥንት ተመልሶ አይላቀቅም፤ ጉበቱ ሲቆም ግን አዲስ አጥንት መብቀሉ ይገታል፣ ሕመሙም በብዙዎቹ ይቀንሳል። ስለዚህ ራጅ ተነሥታም ሆነ ሳትነሣ ጉበቱን ማስቀረት ከዛሬ ሊጀመር የሚገባው ሥራ ነው።

ይሁንና በአንድ ቀን አይቁረጡባት። ጉበት የለመደች ድመት ሌላውን ሁሉ አሽትታ ትሄዳለች፤ ድመት ደግሞ እንደ ሰው ተርቦ መሰንበትን አትችልም። ሁለትና ሦስት ቀን ሙሉ በሙሉ ምግብ ካልቀመሰች በጉበቷ ላይ ስብ ይከማችና የባሰ በሽታ ይገጥማታል። ጉበቱን በደንብ ከትፈው በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አራተኛውን በተቀቀለ የበሬ ልብ ይተኩ፤ ከዚያ በየሳምንቱ የልቡን ድርሻ እየጨመሩ በአንድ ወር ግድም ጉበቱን ይጨርሱ። ልብን የመረጥኩት ከሥጋ ቤት በቀላሉ ስለሚገኝና ድመት በሰውነቷ በበቂ የማትሠራውን፣ ለልቧና ለዓይኗ የግድ የሚያስፈልጋትን ቶሪን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ስለያዘ ነው። የተቀቀለ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ከጊቤ ግድብ የሚመጣው ዓሣም ተቀቅሎ እሾሁ በጥንቃቄ ከወጣ ይስማማታል። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ካልሲየም ያጥረዋልና ኩላሊቷ ተመርምሮ ደኅና መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ የተቀቀለ የእንቁላል ቅርፊት እንደ ዱቄት ልመው ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይቀላቅሉበት። በዐቢይ ጾም የወንድምዎ ሥጋ ቤት የሚዘጋ ከሆነ እንቁላሉንና ዓሣውን ከወዲሁ ያስለምዷት፤ ሽሮና እንጀራ ለእሷ ሆድ መሙያ እንጂ ምግብ አይደለም። ወጥ ያለበትን ትርፍራፊ አይስጧት፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በስለውም ቢሆን የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ወተትም አብዛኞቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል፤ መራመድ ለሚያቅታት ድመት ተቅማጥ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ፤ በእኔ ግምት ከማንኛውም እንክብል ይልቅ ኑሮዋን በቶሎ የሚለውጠው ወለሉ ነው። ሊሾ ሲሚንቶም ሆነ ሴራሚክ ለታመመ ዳሌ ጠላት ነው፤ እግሯ በተንሸራተተ ቁጥር የታመመው መገጣጠሚያ ስለሚነጠቅ መራመዱን ትፈራለች፣ ባልተራመደች መጠን ደግሞ ጡንቻዋ ይሟሽሽና መገጣጠሚያዋን የሚደግፍላት ይጠፋል። ቤቱን በሙሉ ማንጠፍ የለብዎትም። ከምትተኛበት ወደ ውኃዋ፣ ከዚያም ወደ ምግቧና ወደ መጸዳጃዋ የምትሄድበትን መስመር ብቻ ይሸፍኑላት። ለዚህ ጅማ ውስጥ ከቡና ጆንያ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ የቃጫው ሽመና ጥፍሯን ይይዝላታል፣ ይታጠባል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። በሚገባ አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁት፣ ጫፉንም ራሱ ጆንያው እንዳይንሸራተት በፕላስተር ከወለሉ ጋር ያጣብቁት። የአበባ ምንጣፍ ተብሎ የሚነጠፈው ልሙጥ ፕላስቲክ ግን ከሊሾው አይሻልም።

መኝታዋን በተመለከተ፣ ከሲሚንቶው ከፍ ያለ ግን ለመግባት ዝላይ የማይጠይቅ ይሁን። ከሥር ሁለት ሦስት ድርብ ካርቶን፣ ከላዩ ያረጀ ጋቢ ይበቃል፤ ነፋስ ከሚገባበት በር ይራቅ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ላይ ያለች፣ ዝናቧ ረጅም የሆነ ከተማ ናት። የክረምቱ እርጥበትና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ ያረጀ መገጣጠሚያን ያደርቁታል፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ባሰባት ማለትዎም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ማታ ማታ በሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው ከጋቢው አንድ ጎን ያኑሩላት፤ ሲሞቃት ወደ ሌላው ጎን እንድትሸሽ ቦታ ይተዉ። ከከሰል ምድጃ አጠገብ ግን አያስተኟት። ፍንጣሪ ሲወድቅባት ዘልላ መነሣት አትችልም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ የሚያደርሰውንም አደጋ ለእናትዎ ሲባል ጭምር ማሰብ ይገባል።

በሩ ሥር መጸዳዳቷ ብልግና አይደለም። ደፉን ተሻግሮ ጭቃ ባለበት ጓሮ ቁጢጥ ማለት ለእሷ ዳገት ሆኖባታል፤ እስከምትችልበት ድረስ ሄዳ አድርጋዋለች። ስለዚህ መጸዳጃውን ወደ ውስጥ ያምጡላት። ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገዝተው አንዱን ጎን ከወለሉ 5 ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ እስኪል ቆርጠው ያውጡ፣ የተቆረጠውንም ጠርዝ በሞቀ ብረት ያለስልሱት። ስፋቱ ያለ ችግር የምትዞርበት ያህል፣ ማለትም ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሥር ካለው ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ለታመመ መዳፍ የሚመቸው የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ነው። አናጢ በበዛበት በጅማ ሰጋቱራም በቀላሉ ይገኛል፤ የሚወስዱት ግን ቫርኒሽና የምስጥ መድኃኒት ካልነካው ጣውላ እንጂ ከቺፑድ የወጣውን አይሁን። የቡና ገለባ ርካሽ ነው ብለው እንዳይጠቀሙ አደራ፤ በውስጡ ካፌይን ስላለ እግሯን ስትልስ ሊጎዳት ይችላል። ሳፋውን መጀመሪያ አሁን በምትጸዳዳበት በር ሥር ያኑሩት፤ ከለመደችው በኋላ ወደሚፈልጉት ጥግ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይግፉት። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይነ ምድር ካልወጣት ወይም ቁጢጥ ብላ ካማጠች ሐኪም ይያት፤ ለሰው የሚሰጥ የሆድ ማለስለሻ፣ በተለይ ፎስፌት ያለበት በፊንጢጣ የሚገባው፣ ድመትን ሊገድል ይችላል።

የእናትዎን አልጋ በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው በርጩማ ማስጠጋት ነው። የጅማ በርጩማ ግን መቀመጫው የተሰረጎደና የተወለወለ በመሆኑ ለሰው የተመቸውን ያህል ለእሷ አይመችም። ሰፋ ያሉ ሣጥኖችን 15፣ 15 ሴንቲሜትር ከፍ እያሉ እንደ ደረጃ ይደርድሩላት፤ ወይም ጆንያ የተመታበት ሳንቃ ዘቅዘቅ አድርገው ያስደግፉላት። አልጋው 50 ሴንቲሜትር ከፍታ ካለው ሳንቃው ከአንድ ሜትር ተኩል ባያንስ ዳገቱ አይከብዳትም። መውጣቱን ብትችል እንኳ ይበልጥ የሚጎዳት መውረዱ ነውና በምትወርድበት በኩል ወፍራም ነገር ይነጠፍ። ሲያነሷት በብብቷ ብቻ አያንጠልጥሏት፤ አንድ እጅዎ ደረቷን፣ ሌላው ቂጧን ይደግፍ። የምግብና የውኃ ሳሕኖቿንም አንገቷን ሳትደፋ እንድትበላ ዝቅተኛ ሣጥን ላይ ያኑሩላት፤ አንገቷ ለታሰረ ድመት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ራሷን መላስ ስለማትችል ጀርባዋና ጭራዋ ሥር ጠጉሯ ይቋጠራል፣ ቁንጫም ይበዛባታል። በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ያበጥሯት፤ የተቋጠረውን በመቀስ ሳይሆን በጣትዎ ቀስ ብለው ይፍቱ፣ የአሮጊት ድመት ቆዳ እንደ ወረቀት የሳሳ ነውና። ለቁንጫ ተብሎ የከብት ወይም የውሻ ዱቄትና የቤት ተባይ መርጫ ፈጽሞ አይንካት፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። በማበጠሪያ መልቀምና ጋቢዋን በፈላ ውኃ ማጠብ ይሻላል። ጥፍሯንም ይዩ፤ ስለማትፍቀው አድጎ፣ ተቆልምሞ መዳፏ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ለወራት የቁርጥማት ነው የተባለ ማነከስ አንዳንዴ ይኸው ሆኖ ይገኛል። ሲቆርጡ ጫፉን ብቻ እንጂ በውስጡ የሚታየውን ቀይ ሥጋ አይንኩ።

ሁሉንም ነገር ለመገጣጠሚያ መስጠት ግን ያሳስታል። ድመትዎ እየጠጣችና እየሸናች የምትውል፣ የኋላ እግሯን በጣቶቿ ሳይሆን በተረከዟ እያሳረፈች የምትራመድ ከሆነ የስኳር በሽታ ነርቯን ጎድቶት ሊሆን ይችላል። እየበላች የምትከሳ ከሆነ የታይሮይድ ዕጢዋ ይጠረጠራል። ኩላሊቷ የደከመ ድመት ፖታሲየም ሲያጥራት አንገቷን ደፍታ ትውላለች፤ የእርስዎዋ አንገቷን ማዞር ያቅታታል ወይስ ቀና ማድረግ የሚለውን ለይተው ለሐኪሙ ይንገሩ። የኋላ እግሮቿ በድንገት ሽባ ሆነው፣ መዳፎቿ ከቀዘቀዙና ከጮኸች የደም ቧንቧዋ በረጋ ደም ተዘግቷልና ሰዓት የማይሰጥ ነው። ሽባነቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጥቶ ከጠባይ መለወጥ፣ ከለሃጭ ወይም ከመናከስ ጋር ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልወሰደች፣ በእጅዎ አይንኳት፤ ክፍል ዘግተው ሐኪም ይጥሩ። የእርስዎዋ ለወራት ቀስ በቀስ የመጣባት በመሆኑ ይህኛው አይመስልም።

ስለ ማስታገሻ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሜሎክሲካምን ነው። እውነት ነው፣ በሐኪም እጅ ለድመት ይሰጣል። በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ የተፈቀደው የቀን መጠን በኪሎ 0.05 ሚሊግራም ነው፤ ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ድመት 0.15 ሚሊግራም ማለት ነው። የሰው እንክብል ከትንሹ ሲጀምር 7.5 ሚሊግራም ስለሆነ አንዱ ፍሬ የ50 ቀን መጠን ይዟል፤ በቢላዋ ከፋፍሎ ማድረስ የሚቻል አይደለም። በአሜሪካ ደግሞ ተደጋግሞ ሲሰጥ ኩላሊት ስለሚጎዳ ለድመት የተፈቀደው አንድ ጊዜ በሚወጋ መርፌ ብቻ ነው። ከመጀመሩ በፊት የደምና የሽንት ምርመራ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ኩላሊቷ የማይፈቅድ ከሆነ ሐኪሙ ጋባፔንቲን ሊመርጥ ይችላል፤ እሱም መጠኑ ከበዛ ያንገዳግዳታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአውሮፓ፣ በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደ በየወሩ የሚወጋ ፍሩኔቬትማብ የሚባል መድኃኒትም አለ፤ ይገኝ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ለመገጣጠሚያ ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው የግሉኮሳሚን እንክብል ጥቅሙ በድመት ላይ አጥጋቢ ማስረጃ የለውም፤ ያንን ገንዘብ ለራጁ ቢያውሉት እመርጣለሁ።

ወስዶ መጣሉን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ዛፍ መውጣት የማትችል ድመት ከውሻና ከጅብ አታመልጥም፣ አይጥም አትይዝም፤ ከቤት የሚጥላት ሰው ገድሏታል፣ ልዩነቱ ሞቷ መርዘሙ ብቻ ነው። አሁንም ከመሸ ወደ ውጭ አያስወጧት። ማስታገሻው፣ ወለሉና ምግቡ ተስተካክሎ ሳለ ምግብ እምቢ ካለች፣ ከተኛችበት ሳትነሣ ከሸናች፣ ሲነኳትም ሁልጊዜ የምትጮኽ ከሆነች በሐኪም መርፌ ሳትሠቃይ እንድታርፍ ማድረግ ጭካኔ አይደለም፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚወሰነው ከእናትዎ ጋር ነው። ከጻፉት እንደምረዳው ግን ከዚያ ገና ሩቅ ናት።

ለምርመራ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በከተማዎ መኖሩ ከብዙ ከተማ ነዋሪ የተሻለ ዕድል ይሰጥዎታል። ክሊኒኮቻችን ይበልጥ የለመዱት ላም፣ በግና አህያ ስለሆነ በግቢው ውሻና ከብት ይኖራልና ክዳን ባለው፣ የአየር ቀዳዳ በተበጀለት ካርቶን ውስጥ የራሷን ጋቢ አንጥፈው ይውሰዷት፤ ባጃጅ ላይ ካርቶኑን ወንበር ላይ ሳይሆን ጭንዎ ላይ ይያዙት። ድመት በፍርሃት ጊዜ ሕመሟን ስለምትደብቅ ሐኪሙ ፊት ደኅና ሆና ልትታይ ትችላለች፤ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ ስትራመድ፣ ለመውጣት ስትሞክርና ስትወርድ፣ አንገቷንም ስታዞር በስልክዎ ይቅረጹ። ክብደቷን ያስመዝኑ፣ ጉበት ለስንት ዓመት እንደበላች ይንገሩ፣ ራጁም ከዳሌዋ በተጨማሪ አንገቷንና ክርኖቿን እንዲያካትት ይጠይቁ።